በእናቴ ምዬ ያስገባኋት ጎል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ገርጂ አካባቢ በሰዓት ወደሚከራይ ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ወስጃት ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ተከላካይ ነኝ ትላለች፣ እኔ እንዳየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፈው የጫማዋን ክር በማሰር ነው። ያ ሣር ፀሐይ ሲመታው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እኛ ወላጆች ማኪያቷችንን ይዘን ከሽቦው አጥር ውጭ ቆመን ሳለ፣ አንዲት ኳስ መስመሩን አለፈች አላለፈች ተባለና ጨዋታው ቆመ። ልጆቹ በመጨቃጨቅ ፈንታ ቀጥታ ወደ አንዱ አባት ሮጡ፤ ሰውየው በስልኩ ሲቀርጽ ነበርና። አሥራ ምናምን ጭንቅላት አንድ ስልክ ላይ ተደፋ፣ ዳኛውም አብሮ ተደፋ፣ «አላለፈችም» ተባለ፣ ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ። ምን ይወጣለታል፣ ፍትሐዊ ነው። እኔ ግን ማኪያቶዬ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ከቤታችን ጀርባ ወደነበረው ሜዳ ሄጄ ነበር።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያና ባለ ስድስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ቆሟል። ያን ጊዜ እስከ ወንዙ ድረስ እየተንሸራተተ የሚወርድ ሣር ነበር፤ ክረምቱ እንደወጣ እርጥብ አፈርና የላም እበት ይሸታል፣ ስንወድቅበት ቁምጣችን አረንጓዴ ሆኖ እናቶቻችንን ያስለቅሳል። ወደ ኤርፖርት የሚወርዱት አውሮፕላኖች ጎማቸው እስኪታየን ዝቅ ብለው በላያችን ያልፉ ነበር። በዚያች ቅጽበት ማንም የማንንም ጩኸት ስለማይሰማ፣ ሰው መጥለፍ የፈለገ ሁሉ አውሮፕላን ይጠብቃል። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጄ ስትጠይቀኝ አውሮፕላን ነው የጣለኝ እላታለሁ፣ አታምነኝም።

ጎላችን ሁለት ድንጋይ ነበር፣ ዳኛ የሚባል ነገር ደግሞ አልነበረንም። ኳሷ ድንጋዩን በውስጥ አለፈች በውጭ የሚል ክርክር ሲነሳ፣ የሚጠየቀው ቅርብ የነበረው ካፒቴን ነው፤ እሱ በእናቱ ከማለ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚናገር የለም። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ግን የአካባቢው ልጆች ሁሉ ይገዙበት ነበር። የእኛ ካፒቴን ሀብቶም የሚባል ልጅ ነበር። በችሎታ ከሁላችንም ያንሳል፣ ኳስ እግሩ ሥር ስትመጣበት ይደነግጣል። ግን ምሎ አያውቅም፤ «ገብቷል» ወይም «አልገባም» ይላል፣ ተቃራኒዎቻችን ሳይቀሩ ኳሷን ይዘው ወደ መሃል ይሄዳሉ። አንዴ በራሳችን ላይ ጎል ፈርዶብን ሁለት ቀን አኩርፈነዋል። ቤተሰቦቹ ወደ አያት ሰፈር ሲዛወሩ ካፒቴንነቱን ለእኔ አስረከበኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ አልነገረኝም፣ እኔም በችሎታዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካፒቴን ማለት ቅጣት ምት የሚመታው ልጅ ማለት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም፣ አንድ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች መጡ። የእነሱ ሜዳ ኮረት ብቻ ስለነበር ሣሩን ፈልገውታል። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ እስከ አምስት ጎል እንድንጫወት ተስማማን፤ ያሸነፈ ለዓመቱ ሣሩን ይወስዳል፣ የተሸነፈ ኮረቱ ላይ ይጫወታል። ካፒቴናቸው ገመቹ ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ከወለጋ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፣ እሱ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነበር። ገና ጨዋታው ሳይጀመር ወደ እኔ መጥቶ «እኛ ቤት አይማልም። ክርክር ከመጣ አንተ ማል፣ እኛ እንቀበላለን» አለኝ። እንዲህ ያለ ሞኝ በዕድሜዬ አላየሁም ብዬ አሰብኩ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሁለት ነበር።

አራት ለአራት ሆንን። የመጨረሻዋን የመታኋት እኔ ነኝ፤ መትቼም ተከትያት ስለሮጥኩ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነበርኩ፣ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ብላ ስታልፍ አየኋት። የእኛ ልጆች «ጎል!» ብለው ጮኹ፣ የእነሱ ልጆች «ውጭ ነው!» አሉ፣ ከዚያ ሁሉም እኩል ዞረው እኔን አዩኝ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ አንዲት ቃል ከአፌ እስክትወጣ ዝም ብለው ጠበቁ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በኋላ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። «እናቴ ትሙት፣ ገብቷል» አልኩ።

ገመቹ አተኩሮ አየኝ። አንዱ ልጃቸው ሊጮህ አፉን ሲከፍት «ምሏል እኮ፣ በቃ» አለውና ልጆቹን ሰብስቦ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። እኛ እየዘለልን ቤታችን ገባን።

እሑድ ጠዋት ስነቃ የእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ የለም። እናቴ ለሰፈሩ ልብስ ትሰፋ ስለነበር ከቁርስ በፊት ያ ድምፅ ያልተሰማበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወደ መኝታ ክፍሏ ስገባ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። እጄን ግንባሯ ላይ አደረግሁ፣ ያቃጥላል። የገደልኳት እኔ እንደሆንኩ አንዲት ጥርጣሬ እንኳን አልነበረኝም።

ከዚያ ከፈጣሪ ጋር ድርድር ጀመርኩ። መጀመሪያ እሷን ካዳንክልኝ ዓመት ሙሉ ኳስ አልነካም አልኩ፤ ዓመት ሲበዛብኝ እስከ ገና አወረድኩት፣ ሰኞ ማታ አንድ ሳምንት ላይ ደርሼ ነበር። ወንድሜን አልመታም፣ ስኳር አልሰርቅም፣ ሒሳብ አጠናለሁ አልኩ። ከአንዷ ነገር በቀር ያላቀረብኩት አልነበረም። ማክሰኞ ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጥተው በሹክሹክታ ሲያወሩ ስሰማ ግን ወንዙን ተሻገርኩ።

የገመቹን ቤት ጠይቄ አገኘሁና በሩን አንኳኳሁ። እናቱ ከፍተው «ማንን ፈልገህ ነው የኔ ልጅ?» ሲሉኝ፣ የእሳቸው ጤንነት ራሱ አስቀናኝ። ገመቹ ካልሲ ሲያጥብ ቆይቶ አረፋ በእጁ ይዞ ወጣ።

«አልገባም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በእናትህ ምለህ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

ሜዳውን ውሰዱት አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ «ልጆችህ ያውቃሉ?» አለኝ። አያውቁም። «እንግዲያው መጀመሪያ ለእነሱ ንገር፤ ከእኔ አፍ እንዳይሰሙት» ብሎ ወደ ካልሲው ተመለሰ።

በዚያው ማታ እናቴ ሾርባ ጠጣች። ሰኞ ዕለት አባቴ ክሊኒክ ወስዷት ታይፎይድ ነው ተብሎ ክኒን ታዞላት ነበር፤ እኔ ግን ያዳናት ክኒኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። እንደሚናደዱ ጠብቄ ነበር፣ ያልጠበቅኩት በረኛችን የሚጠይቀኝን ጥያቄ ነው። «እናትህ ተሽሏታል አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ መሐላው አልፏል ማለት ነዋ! ሜዳውን ለምን እንሰጣለን?» ሁሉም አጨበጨቡለት። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ውስጥ አጨብጭቤለት ነበር። ፍርሃቴ ለቆኛል፣ እናቴ ተቀምጣ እየበላች ነው፣ ሣሩ ከፊታችን ነው፣ ዝም ብል የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ የተናገርኩት «ውጭ ነበር፣ አይቻታለሁ» ብቻ ነው፤ ሌላ ክርክር አልነበረኝም። ከካፒቴንነት ይውረድ ያለ እጁን ያውጣ ተባለ። ሁሉም አወጡ፣ እኔም አወጣሁ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ካፒቴን ውጭ ነው ካለ ግን አለቀ፤ ሜዳውን ሰጥተን ዓመቱን ሙሉ ኮረቱ ላይ ተጫወትን። የእግራችን ጥፍር እየተነቀለ ስሜ ይነሳ ነበር። የማዶ ልጆች አንዲት ቅዳሜ እንኳን አላካፈሉንም፤ ገመቹ ደግ ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም። ዛሬ እሱም ሀብቶምም የት እንዳሉ አላውቅም።

አሁን ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ሠራተኞችን እመራለሁ። የአመራር ሥልጠና ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ፤ ውሃና ከረሜላ በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስለ ራዕይና ስለ ተልዕኮ እንማራለን፣ ሰርተፊኬት ይሰጠናል። አሠልጣኙ ሲያወራ እኔ የማስበው በሩ ላይ አረፋ በእጁ ይዞ የቆመውን ልጅ ነው። ስሳሳት ከአለቆቼ በፊት የእኔን ሰዎች ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ፤ ፈርቼ የተውኩበት ጊዜም አለ።

ለእናቴ የነገርኳት ካገባሁ በኋላ ነው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ለሣር ሸጥከኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ደውላ «ዛሬ ደግሞ ምን ምለህ ነው?» ትለኛለች፣ እኔም መድኃኒት ይዤላት እሄዳለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ስገባ ዓይኗን ገልጣ፣ ድምፅዋ ሳይወጣ በከንፈሯ ብቻ ያንኑ ጠየቀችኝ። «ምንም አልማልኩም እማዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በእሷ ምዬ አላውቅም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሐኪሙ የነገረኝንም ሁሉ ተረድቻለሁ። ያም ሆኖ ያጠፋሁትን መፈለግ ጀመርኩ፤ ማንን እንደዋሸሁ፣ የማንን እንደወሰድኩ፣ የማንን በር አንኳኩቼ ብናገር እንደምትድንልኝ። ጥፋቱን ብዙ አገኘሁ። በሩን ግን አጣሁት።