የሀምዲን ፍሬን

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ሀምዲንን ተቀምጦ ያየ ሰው ቢኖር ታሞ ነው ያየው። ክር፣ ዚፕና የሸሚዝ ቁልፍ ለልብስ ሰፊዎች የሚያከፋፍል ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ቢጠብቅ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ዕቃውን በከረጢት አጭቆ፣ በጠዋት ሞተሩን ያስነሣና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ገበያው ከቀናው ሐርቡ ድረስ ይዘልቃል። ባለቤቱ ኢንቲሳር «ይህ ሰውዬ እግሩን እሳት ይፈጀዋል ወይ» ትላለች፤ ሃያ ዓመት አብራው ኖራም መልሱን አላገኘችም።

ሞተሩ ጣሊያን ሠራሽ ነው። አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ የአሥመራ ነጋዴ የገዙት፣ በ1989 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አቻ ያልነበረው ሽማግሌ ሞተር። የነዳጅ መስጫው እጀታ እንደ ዛሬዎቹ ሲለቁት አይመለስም፤ ጠምዝዘው የተዉበት ቦታ ላይ ይቆያል። ለሌላ ሰው ጉድለት የሆነው ለሀምዲን ጸጋ ነበር፤ ቀኝ እጁ ለሰላምታ ነፃ ይሆንለታላ። በግራ እጅ ሰላም ማለት ነውር ነው፤ ሳይሉ ማለፍ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ እጀታውን ጠምዝዞ ይለቅና ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ለሙስሊሙ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለክርስቲያኑ «እንዴት አደሩ» እያለ ኮምቦልቻ ይገባል። ሞተሩ ይሄዳል፣ እሱ ሰላም ይላል።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ሐረጎ ኩርባው ላይ ጋሽ ፈንታሁን ይኖራሉ፤ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሀምዲን ሲወርድና ሲወጣ ደጃቸው ላይ ቆመው ሰላምታውን ሳይቀበሉ የቀሩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። አንድ የጥቅምት ከሰዓት ከኮምቦልቻ ሲመለስ እንደ ወትሮው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱንም ሰበር አድርጎ፣ «እንዴት ዋሉ ጋሽ ፈንታሁን» አላቸው። አንገቱን ሰብሮ ዳገት የሚነዳ ሰው ከእኛ አገር ውጪ ይኖር እንደሆነ እንጃ። ኩርባው ላይ ጠጠር ፈስሶ ነበር። የፊት ጎማው ተንሸራተተ። ሀምዲን እጁን መልሶ ላልቶ የከረመውን ፍሬን እስኪጨብጥ ድረስ ሞተሩ ነዳጁን እየጠጣ ሰላም ወዳለው ሰው ሄደ። የጋሽ ፈንታሁን ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተሰበረ።

ተሸክሞ መኪና ላይ ያወጣቸው፣ ደሴ ሐኪም ቤት ያስገባቸው ራሱ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ጋሽ ፈንታሁን በጄሶ እንደታሰሩ «ጠጠር ነው ያንሸራተተው፤ ልጁን ተዉት» አሉ። ይህን ሲሰማ ሀምዲን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ቢቆጡት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ማለ፦ «ወላሂ፣ ይህ ሞተር ሁለተኛ ሰው እንዳይነካ አድርጌ ሳላሠራው ፊታቸው አልቆምም።»

ኢንቲሳር ሁለት ጊዜ ስኳርና ዘይት ይዛ ሐረጎ ሄዳ ጠየቀቻቸው። ስትመለስ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው የነገረችው።

«የሚጠይቁት አንተን ነው። ለመሐላህ ማፍረሻ አሥር ምስኪን አብላና ሂድ።»

«ፍሬኑ ተሠርቶ ይለቅልኝና» አላት።

«ሰውየው የታመሙት በፍሬን ነው?»

ሀምዲን ከረጢቱን አንሥቶ ወጣ።

ሞተሩ በጭነት መኪና ኮምቦልቻ ወርዶ አራጋው የሚባል ብረት ሠራተኛ ቶርኖ ቤት ገብቶ ነበር። አራጋው ብረት ሲቆርጥ ዓለም ብትገለበጥ ቀና የማይል ሰው ነው። ከአንድ የወደቀ የጃፓን ሞተር ሰፊ ፍሬን ያለው የፊት ጎማና፣ ሲለቁት በሞላ ተስፈንጥሮ የሚመለስ የነዳጅ እጀታ አገኘ። አሮጌው ግን አዲሱን በቀላሉ አልቀበል አለ። የጎማው ዘንግ ወፈረ፤ አራጋው በቶርኖ አቀጠነው። መሪው ለእጀታው ቀጠነ፤ ቀለበት ሠርቶ አለበሰው። የፍሬኑ ሽቦ አጠረ፤ ሌላ ተፈለገ። ሀምዲን በየቀኑ በሚኒባስ እየወረደ አናቱ ላይ ይቆምበታል፤ አንዴ መብራቱን ይሸፍናል፣ አንዴ መፍቻ ያቀብላል፣ ያልተጠየቀውን።

«ሀምዲን፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ» ይለዋል አራጋው።

በአንድ ወሩ ሥራው አለቀ። ሀምዲን ግን አላለቀም አለ። ሞላው ጠጠረ ብሎ አስቀየረ። የፍሬኑ ሸራ ይጮሃል ብሎ አስፈታ፣ እንደገና አስለበሰ፣ እንደገና አስፈታ።

ሌላም ጣጣ ነበረ። አሮጌ ሞተር ማደስ ይቻላል፤ አሮጌ እጅ ግን እንዴት ይታደሳል? ቶርኖ ቤቱ ፊት ያለው ሜዳ ላይ ሲሞክር አራጋው ሆን ብሎ መንገድ ዳር ይቆምና «ሀምዲን፣ እንዴት ዋልክ» ይለዋል። ወዲያው ቀኝ እጁ ወደ ደረቱ ይበርራል፤ እጀታው ተመልሶ ሞተሩ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። አምስት ጊዜ ተሞከረ፣ አምስት ጊዜ ቆመ። ሰፈርተኛው ሥራ ፈትቶ በየተራ ሰላም ይለው ጀመር። ሀምዲን ተናደደ፣ ተሳደበ፣ ኋላም እጁን ሳያነሣ በአፉ ብቻ መመለስን ለመደ። ሲለምደው ደስ አላለውም፤ ባለጌ የሆነ መሰለው።

«ፍሬንህ ካለቀ ወር አልፎታል» አለው አራጋው አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እጅህም ተገርቷል። ሌላ የምፈታልህ ነገር የለኝም። ፈርተህ ነው።»

«ምን አስፈራኝ?» አለ ሀምዲን፤ ፊቱ ግን ተለዋወጠ።

በነጋታው ሞተሩን አስነሥቶ ዳገቱን ተያያዘው። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች እጃቸውን አነሡለት፤ እሱ «ወአለይኩም ሰላም» እያለ ጮኸ፣ መሪውን አልለቀቀም። አንዳንዱ «ኮራ» ብሎ አምቶት ይሆናል። ወደ ኩርባው ሲቃረብ ነዳጁን ቀነሰ። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ጋሽ ፈንታሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ እጅ ያነሡትም እሳቸው ናቸው። የሀምዲን ቀኝ እጅ እንደ ልማዱ ለመነሣት ተነቃነቀ። ያዘው። እጀታውን መለሰ፣ ፍሬኑን ጨበጠ፤ ሞተሩ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ፈንታሁን» አለ ሀምዲን፤ ከሞተሩም አልወረደም። «ይኸው ይዩት፤ ሲለቁት ይመለሳል። ሞላ አለው። ጎማውም ፍሬኑም ሌላ ነው። ሸራውን ሦስት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፤ ዳገት ላይም ቁልቁለት ላይም ሞክሬዋለሁ...» ትንፋሽ እስኪያጥረው ተናገረ።

ጋሽ ፈንታሁን ጎንበስ ብለው የፍሬኑን መያዣ በሁለት ጣታቸው ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። «ደህና ይይዛል» አሉ። «ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«ሁለት ወር ከአሥር ቀን።»

ባለቤታቸው ገበያነሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሞተር ባለፈ ቁጥር በዚያ እግሩ እየተነሣ ይወጣል» አለች። «አንተ እየመሰልከው።»

«ተይ እስቲ አንቺ» አሏት ጋሽ ፈንታሁን። ከዚያ ወደ ሀምዲን ዞሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ሀምዲን በወደደ።

«በሚኒባስ በየቀኑ ስታልፍ አይሃለሁ» አሉት። «ስትወርድም ስትወጣም። መጀመሪያ ተቻኩሎ ነው አልኩ። ኋላ ግን ከፋኝ፤ አልዋሽህም። ልጄ፣ የሚኒባሱ ፍሬን እኮ ደህና ነበር። ‹ወራጅ አለ› ብትል ያቆምልህ ነበር።»

ሀምዲን የቆመውን ሞተር ፍሬን እንደጨበጠ አንገቱን ደፋ።