በልጄ አንገት ላይ ያረፈው እጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ሆሳዕና፣ በቤቴ ውስጥ ነው። ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም። ይህን ግን ከልቤ ላወጣው ስላልቻልኩ ጻፍኩት።

ልጄ ምሕረት አንጋጫ ከተማ ተድራ ነበር። ባሏ ሲናደድ አንገቷን ያንቃት ነበር። ይህን የነገረችኝ ትዳሯን ትታ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ነው። ወደ እኔ ስትመለስ አንገቷን ሰው እንዲነካት አትፈቅድም፤ ሻርፕ እንኳ አታደርግም።

አዲስ አበባ ሳለች ታንትራ የሚባል፣ ከህንድ የመጣ ነገር ተምራለች። ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ዘግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የራሷን እጅ አንገቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ትተነፍሳለች። አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች፤ ታለቅሳለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሰውነቴ የፈራውን ሳልሸሽ አብሬው እቀመጣለሁ፣ እማ። ራሴን እንዳውቅ፣ ነፃ እንድሆን።»

«ጌታ ነፃ አያወጣም?»

«ያወጣል። አንገቴ ግን ገና አልሰማም» ብላ ሳቀች።

አልወደድኩትም። አልከለከልኳትምም።

የሰፈራችን ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት በየቤቱ በተራ እንጸልያለን። ያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ማድ ቤት ሆኜ አተካና ለሚባለው የአገራችን ምግብ ቡላ በቅቤ እያማሰልኩ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሴቶቹ ሲገቡ አልሰማሁም። የሰማሁት የጸሎት መሪያችንን የወይዘሮ ደገፈችን ጩኸት ነው።

«ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!»

ሮጬ ስገባ ምሕረትን ከበዋታል። የለቅሶ ድምፅ ሰምተው የክፍሏን በር ቢከፍቱ ስትንቀጠቀጥ አገኟት። በእኛ ዘንድ የሚጸለይለት ሰው ከተንቀጠቀጠ ክፉ መንፈስ ሊለቀው ነው ይባላል። ስለዚህ እሷ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እነሱ ይበረታሉ። ደገፈች አንድ እጇን በምሕረት ግንባር ላይ፣ ሌላውን በአንገቷ ላይ ጭናለች። የልጄ ፊት አመድ መስሏል። ትንፋሿ አይሰማም።

«ደገፈች፣ እጅሽን አንሺ!»

«ቆይ፣ ሊለቃት ነው!»

«ምንም የያዛት የለም። አንሺ አልኩሽ!»

«አንቺንም ያዘሽ እንዴ፣ እህቴ?» አለችና ጫን አደረገችው።

ክንዷን ይዤ ጎተትኩ። ጉልበቴ አልበቃም። ልጄ እጃቸው ላይ ትቀራለች፣ ወይም ዛሬውኑ ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

ያኔ ምሕረት ዓይኗን ገለጠች። ጮሃ ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የደገፈችን ጣቶች አንድ በአንድ ከአንገቷ አላቀቀች። ትንፋሽ ሳበች። ከዚያም የሴትዮዋን እጅ በራሷ ጭን ላይ አድርጋ ያዘችው።

«እትዬ ደገፈች፣ እኔው ነኝ። መጸለይ ከፈለጋችሁ ቁጭ በሉና ጸልዩ። አንገቴን ግን አትንኩ።»

አንዷ በሃዲይኛ «አሟት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ጥቂቶቹ ተቀመጡ። ደገፈችና ሌሎቹ ነጠላቸውን አንስተው በዝናብ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የጸሎቱ ተራ ቤቴን እየዘለለ ያልፋል። ይከፋኛል፤ ባለቤቴ ሲሞት አብረውኝ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። እምነቴ አልተለወጠም። ታንትራ የምትለውም ዛሬም በደንብ አይገባኝም። ነገር ግን ልጄ በትዳሯ ዘመን ሁሉ «አትንካኝ» ብላ አታውቅም ነበር።

አሁን ጠዋት ክፍሏን ስትዘጋ፣ ወንበር አስጠግቼ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።