ይረፍ የተባለው ፈተና

«ቀይ ክር አሰርኩልህ፣ ከሰው እንድለይህ፣ እምም... እም...»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቷታል። ደረጃውን ስትወጣ እዚህ ድረስ ታንጎራጉርና የቀረውን በአፍንጫዋ ትሞላዋለች። ዘፈኑ የእናቷ ነው። እናቷ ሃያ ሁለት ዓመት ላውንደሪ ውስጥ ስትሠራ በየአንገትጌው ክር ታስር ነበር፤ ለሚቀቀለው ነጭ፣ ቀለሙን ለሚለቀውና ለብቻው ለሚታጠበው ቀይ። ልጅቷ በእንፋሎቱ መሀል ቁጭ ብላ «ለምን?» እያለች አደገች። አርባን ተሻግራ፣ የሶፍትዌር ድርጅት ባልደረባ ሆና እንኳ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጠሯት «እትዬ ለምን» ብለው ነው።

ዛሬ በሩ ላይ ጥበቃው አስቁሟት ነበር።

«ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው ጋሼ። ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል።»

የሚሄደው ለኩላሊት እጥበት ክሊኒክ የሠሩት የቀጠሮ ፕሮግራም አዲሱ ቅጂ ነው። የጥበቃው ሚስት በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ትታጠባለች። አምና አንድ ቀን ወረፋዋ ደርሶ ስትገባ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበት አገኘች። ለሁለቱም ያው ወንበር በዚያው ሰዓት ተይዞ ነበር። ወደ ቤት መለሷት፤ እግሯ አብጦ፣ ተጋድማ መተንፈስ አቅቷት ሁለት ሌሊት ተቀምጣ አነጋች። ጥበቃው ያን ቀን «ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው ልጄ?» ብሏት ስህተቱን ብትፈልግ አላገኘችውም።

የእሷ ሥራ ስህተት እንዳለበት ለማየት ፕሮግራሙን የሚጎነትሉ ትናንሽ ፈተናዎችን መጻፍና ማስኬድ ነው። ሁለት ሺህ አራት መቶ ናቸው። ሁሉም ይሂዱ ቢባል አምስት ሰዓት ይፈጃሉ። ስለዚህ እንደ ሸሚዞቹ እያንዳንዱ መለያ አለው፦ «ቀጠሮ»፣ «ክፍያ»፣ «ፈጣን»፣ «ቀርፋፋ»። ቀጠሮ የተነካ ዕለት «ቀጠሮ» የሚል ያለባቸው ብቻ ይጠራሉ። አንድ ሌላ መለያም አለ፤ የቤቱ ልማድ ነው። አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ ሰው የሚያሰለች ፈተና «ይረፍ» ይባላል። ማሽኑም ዘልሎት ያልፋል፣ ሰውም ይረሳዋል።

አራት ሰዓት ላይ የቀጠሮ ፈተናዎቹን ጠራቻቸው። እስኪያልቁ ሩብ ሰዓት አላት። ስንኙ ግን አላስቀምጥ ብሏታል፤ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ያ የቀይ ክሩ ዘፈን ቀጥሎ ምን ነበር?»

«በጠዋቱ? ሥራ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ንገሪኝ በቃ።»

እናቷ ጉሮሮዋን ጠራረገችና በሻከረ ድምጿ አወጣችው፦

«ክሩን ሳይ ሳይ ውዬ፣ ሳላይህ አለፍህ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አይ ያንቺ ነገር! አንዴ የሙሽራ ሱሪ ቀይ ክር አስሬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ክሩን እያየሁ ሳልፍ፣ ሳልፍ፣ ሰርጉ አለፈ። ሱሪው እዚያው ቁጭ ብሏል!» ሳቋ ስልኩን አንቀጠቀጠው።

ስልኩን ስትዘጋ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። መቶ ሰማንያ ስድስቱም አልፈዋል። ጥድፊያ የሚሉት ፕሮግራመር ወንበሩን አሽከርክሮ አጨበጨበ። እሷ ግን ሱሪው ከልቧ አልወጣ አለ። የኛስ ለብቻው የተቀመጠ ምን አለ? «ቀጠሮ»ም «ይረፍ»ም የሚል ያለበትን አሳየኝ ብላ ጻፈች።

አንድ ብቻ ወጣ። *ሁለት ታካሚ፣ አንድ ወንበር።*

ከሦስት ዓመት በፊት ነው ያሳረፉት። ያሳረፈው ማን እንደሆነም ተጽፏል፤ ራሷ ናት።

ለብቻው አስኬደችው። አለፈ። ደገመችው፤ አለፈ።

«እትዬ ለምን፣ ጤነኛ ነው እኮ!» አለ ጥድፊያ፣ በዘጠነኛው።

«ጤነኛ ከሆነ ለምን አሳረፍኩት?»

በአሥራ አንደኛው ቀላ፤ ወደቀ።

ጥድፊያ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ መጣ። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያነበቡ ወረዱ። ሁለት ነርሶች ያንኑ ወንበር ለመያዝ በአንዲት ቅጽበት ከጫኑ ፕሮግራሙ ለሁለቱም «ወንበሩ ክፍት ነው» ይላቸዋል። ፈተናው አልታመመም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲናገር ወላዋይ ብላ አፉን የያዘችው እሷ ናት።

አለቃቸው ሰዓቱን እያየ ገባ። «ምንድን ነው? አረንጓዴ ነው ብላችሁኝ አልነበር!»

«አረንጓዴው የጠራነው ነው። ያልጠራነው ቀይ ነው።»

«ሦስት ዓመት የኖረ ነገር አንድ ቀን ቢያድር ምን ይሆናል?»

«ሰው ነዋ የሚመለሰው» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «እታች በር ላይ ያሉትን ጋሼን ጠይቃቸው።»

አለቃው «እስከ ስምንት ሰዓት» ብሎ ክሊኒኩ ጋ ሊደውል ወጣ።

ጥድፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣደፍ ሠራ፤ መጀመሪያ የጫነው ወንበሩን እስኪይዝ ሌላው እንዲጠብቅ አደረገ። እሷ ፈተናውን መቶ ጊዜ አስኬደችው። መቶውም አለፈ። «ይረፍ» የሚለውን በእጇ ደመሰሰችው፤ ቀጠሮዎቹን እንደገና ጠራች። መቶ ሰማንያ ሰባት። አዲሱ ቅጂ ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሄደ።

ምሳ ዕቃዋን አንስታ ወረደች። ጥበቃው ዳቦውን ቆርሶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ አምና ባለቤትዎን የመለሳቸው ስህተት... አስቀድሞ የሚይዘው ፈተና ነበረን። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ነው የገባኝ።»

ጥበቃው ማኘኩን አቆመ።

«አሁንስ?»

«አሁን ይናገራል። ዛሬም ነገም እንዲጠራ አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲህ ማታ እነግራታለሁ። ምን እንደምትል እሷ ታውቃለች፤ ይቅር የምልልሽ እኔ አይደለሁም።» ከዚያ የምሳ ዕቃዋን አየው። «እስካሁን አልበላሽም?»

«አልበላሁም።»

ከኋላው ያለችውን ሁለተኛ ወንበር በእግሩ ገፋላት። ወንበሯ ባዶ መሆኗን ልብ ብላ አየችና ተቀመጠች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ የቀዘቀዘውን ድንችና ካሮት መብላት ጀመረች።