ማኅደር የተሠራለት ማዘርቦርድ

ዛሬ አንዲት እናት ኮምፒውተራችን ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ጨመሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አርብ ገበያ ከተማ አብሮኝ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት የከፈተው ባልንጀራዬ፣ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማረ ዲያቆን ነው። የኮምፒውተራችን ማዘርቦርድ ቢቃጠል ባሕር ዳር ወርዶ ከሱቁ ትልቁን መርጦ መጣ።

"ይሄ እኮ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ብዙ ካርድ ለሚሰካ ነው። ለማመልከቻ መጻፊያ ትንሹ ይበቃን ነበር። ኬዛችን፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥም አይገባ! ሳትለካ ነው የገዛኸው?" አልሁት።

ዲያቆን መቼ ይረታል!

"የቆዳ ማኅደር የሚሰፋው የብራናው መጽሐፍ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። አንተ ማኅደር ሰፍተህ ነው መጽሐፍ የምትፈልግ?"

አናጢ ዘንድ ሄዶ በልኩ የእንጨት ሳጥን አሠራለት፤ ለአየር መግቢያም ከላይ ቀዳዳ አስወጣለት። (ከቆዳ አለማሰፋቱም ደግ ነው።)

ዛሬ ገበያው ደርቶ ሳለ እኒያ እናት ማመልከቻ ሊያጽፉ ገቡ። ሳጥኑን አዩ፣ ነጠላ ያጣፋውን ዲያቆን አዩ፣ አማተቡና ሳንቲማቸውን በቀዳዳው ጣል! ደግነቱ መብራት ጠፍቶ ነበር።

"የየትኛው ታቦት ነው፣ ልጄ?" አሉት።

መቼም የማይረታው ዲያቆን ሳጥኑን ገልብጦ ሳንቲሙን ማራገፍ ጀመረ።

እስቲ እናንተስ፣ ሳትለኩ ገዝታችሁ ምን አሠራችሁለት?