ቀለም የሸፈነው ሳንቃ

አትላንታ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ስፖንሰር ካደረጉን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ስኮትዴል ያለ አንድ መጋዘን ወሰዱኝ። ውስጡ የከተማ አውቶቡስ የሚያህል የእንጨት ጀልባ በግንድ ላይ ተደላድሎ ቆሟል። በድሮ ጊዜ ጥጥ እየጫነ በቦይ ላይ የሚሄድ፣ በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየተራመዱ በገመድ የሚጎትቱት ጀልባ ነበር። ከጭቃ ያወጡት ጥቂት ጡረተኞች በየቅዳሜው እየተሰበሰቡ ያለ ክፍያ ይጠግኑታል። መሪያቸው እኒሁ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ ነበሩ።

አብሮን የመጣው የአገሬ ልጅ፣ "አናጢ ነኝ" ያልኩትን ሲተረጉምላቸው አስረዘመው። ሐይቅ የሚል ሰማሁ፣ ጀልባ የሚል ሰማሁ። የሽማግሌው ፊት ፈካ። እኔ አዲስ አበባ የምሠራው በርና መስኮት ነበር፤ ጀልባ የተሳፈርኩት እንኳ አንድ ቀን ብቻ ነው። ማረም ነበረብኝ። ግን ሚድታውን ካለ ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ የምውል ሰው ነበርኩ። ካገር ከወጣሁ ጀምሮ እንደ ባለሙያ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እጄ ሥራውን ቶሎ ለመደ። የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጣን በአዲስ እንተካለን፣ በየመጋጠሚያው ቃጫ ወትፈን ሬንጅ እንቀባለን። ሽማግሌው የተሰባበረ እንግሊዝኛዬን እስክጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁኛል። ከጊዜ በኋላ የጀልባውን የኋላ ክፍል በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። "እዚህ ጋ ከአንተ በቀር ማንም አይነካም" አሉኝ።

ጀልባው ውሃ ላይ ሊወርድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሥሩ ተንበርክኬ ሳንቃዎቹን በወስፌ እየወጋሁ ስፈትሽ፣ አንዱ ላይ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ትንሽ ራቅ አድርጌ ወጋሁ፤ እንደዚያው። እንጨቱ ውስጡ እንደራሰ ዳቦ ሆኗል። ያንን ሳንቃ ከወራት በፊት አይቼ "ደህና ነው፣ ይቆይ" ያልኩት እኔው ነበርኩ። አሁን እሱን ለማውጣት በላዩ የሠራነው ሁሉ መፍረስ አለበት። ሽማግሌው ደግሞ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል ከወጡ ገና አሥር ቀናቸው ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንን ቀን ይጠብቃሉ። የበሰበሰውን በስቱኮ ደፈንኩና ቀለም ቀባሁበት።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"ነገርካቸው?" አለችኝ።

"ይታመሙብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ለእሳቸው ነው ወይስ ለራስህ የፈራኸው?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ሳህኖቹን አነሳች።

የድሮው ቦይ ከአትላንታ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ክሬኑ ጀልባውን ሲያወርደው ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ተሳፈሩ፤ እኔንም ጠርተው አጠገባቸው አቆሙኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እግሬ ሥር ውሃ አየሁ። የሚመጣው ከኋላ ነው። ሰዎች በባልዲ እየቀዱ መድፋት ጀመሩ፤ ውሃው ቀደማቸው። ቦዩ ጥልቅ ስላልነበረ ጀልባው በኋላው በኩል ቀስ ብሎ ታችኛው ጭቃ ላይ ተቀመጠ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ግን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጧቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

ብርድ ልብስ ደርበው ዳር ላይ እንደተቀመጡ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃጫው በደንብ ሳይጠቀጠቅ አቻኮልኳችሁ" አሉ። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሰማኋቸው።

አንድ ወር እንዲሁ ዝም አልኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባለቤቴ አቮንዴል እስቴትስ ያለው ቤታቸው ድረስ ነድታ አደረሰችኝ፤ በራቸው ላይ ፓርክ አድርጋ መኪና ውስጥ ቀረች። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስቱኮውን፣ ቀለሙን፣ ጀልባ ሠርቼ እንደማላውቅም ጭምር።

"ጀልባ እንደማታውቅ በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶኛል" አሉ። "የመሮ አያያዝህ የበር ሠሪ ነው። እሱ አልከፋኝም። የሳንቃውን ግን ብትነግረኝ ኖሮ እጠብቅ ነበር።"

"ይታመማሉ ብዬ ነው" አልኩ።

"ለሌሎቹም ንገራቸው" አሉኝ። "እኔ አልነግርልህም።"

ቅዳሜ፣ ከቦዩ ወጥቶ መጋዘን በተመለሰው ጀልባ አጠገብ፣ ከሽማግሌው በቀር ሁሉም ባሉበት ነገርኳቸው። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። ከዚያ አንዱ ሰውዬ የሚስማር መንቀያውን አቀበለኝና ያንን ሳንቃ በገዛ እጄ ፈልቅቄ አወጣሁት። የፈረሰውን መልሰን እስክንሠራ ክረምቱ አለፈ። አስተማሪዋም ተመለሱ፤ ከእኔ ጋር ግን ከሰላምታ በላይ አያወሩም ነበር።

ሽማግሌው እውነቱን ከነገርኳቸው ወዲህ መጋዘኑን አልረገጡም። ዶክተራቸው ከልክሏቸው ነው ተባለ። በጸደይ ጀልባው እንደገና ወረደ፤ ቀኑን ሙሉ ተንሳፎ ዋለ። ደውዬ ነገርኳቸው።

"ሳንቃውን በምን እንጨት ተካችሁት?" አሉኝ።

"በጥድ።"

"ጥሩ ነው" አሉና ስልኩን ዘጉ።

በዚያው ዓመት በበጋ አረፉ። ከመጋዘኑ የቀሩት በዶክተሩ ትእዛዝ ይሁን በእኔ ምክንያት ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።