ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። አፌ ለስድብ የተሠራ ነው ይሉኛል፣ ውሸት አይደለም። ግን ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ጎረቤቴ ናት፣ አንዷ የውሃ ሠራተኛ። እነሱን ሳላመሰግን ብሞት ነውር ነው። መጻፍ የተማርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ ያማረ ነገር አትጠብቁ።

ከዶርዜ ወርጄ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ የተቀመጥኩ ሸማኔ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ አምስት ክፍል ሠርቼ አከራይቻለሁ። ከእኔ ጋር ስድስት ቤት ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ፣ ቧንቧውም አንድ። የውሃ ቢል ሲመጣ ለስድስት እንካፈላለን። ከተከራዮቹ ትልቋ ባሏ የሞተባት ቦርዴ ጠማቂ ናት። ቦርዴ የእህል መጠጥ ነው፣ ውሃ ይወዳል። ምላሷም ከእኔ ምላስ አያንስም።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ገልብጬ ይዤ ስትመለከተኝ፣ "የዞረው ወረቀቱ ነው ወይስ አንተ?" አለች። ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ። በማግስቱ በንዴት ሄጄ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ቁጥርማ ከድሮም አውቃለሁ፤ ድር የሚያደራ ሰው መቁጠር ካልቻለ ምን ሊሠራ ነው? የከበደኝ ፊደሉ ነበር። ከገባኝ በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የለቅሶ ማስታወቂያ።

አዲሱ የውሃ ታሪፍ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በእርከን ነበር። ትንሽ የቀዳ በርካሽ፣ ብዙ የቀዳ በውድ ይከፍላል። የእኛ ግቢ ቢል በአንድ ጊዜ ጣሪያ ነካ። ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ቪላ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰውዬ አበባውን እያጠጣ ከእኛ ያነሰ ዋጋ ይከፍላል። ለተከራዮቼ ቢሉን አንብቤ ድርሻቸውን ስነግራቸው ማንም አላመነኝም።

"ጌታው፣" አለችኝ ጠማቂዋ፣ "ፊደል የተማርከው እኛን ልትበላበት ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቧንቧዬ መቅዳት ተወች። ጄሪካን አዝላ ከታች፣ ከቦኖ ማመላለስ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወሩ ሲያልቅ ቤት ለቅቀን እንሄዳለን ተባለ። አምስት ቤት ሰላምታ ነፈገኝ። ክፉ ነኝ፣ ይህን ራሴም አውቃለሁ። ሌባ ግን ሆኜ አላውቅም። ያን ስም ይዤ እዚያ ግቢ መኖር አልችልም ነበር።

ቢሉን ጨብጬ ውሃ ቢሮ ሄድኩና ጮህኩ። "ውሃ የእግዜር ነው! ከእግራችን ሥር ምንጭ እየፈለቀ በወርቅ ትሸጡልናላችሁ!"

የታሪፍ ሥራ የያዘችው ከጎጃም የመጣች ሴት ነበረች፣ በልጄ ዕድሜ። አልተቆጣችም።

"አባቴ፣ ውሃውስ የእግዜር ነው፤ ዳገቱን የሚያወጣው ግን ሞተር ነው። ምንጩ ታች፣ እርስዎ ላይ። ሞተሩ መብራት ይበላል፣ ይሰበራል። ዋጋውን አርክሰነው ሞተሩ ቢቆም በምን እንጠግነዋለን?"

"እኔ ብቻዬን ነኝ ወይ የምጠግነው? ስድስት ቤት ነን እኮ!"

"እዚህ የተጻፈው አንድ ቤት ነው፤ ለዚህ ነው ውዱ እርከን ውስጥ የገቡት" አለችና ፋይል አወጣች። ልታነብልኝ አፏን ስትከፍት እጄን ዘረጋሁ። አየችኝና ወረቀቱን ሰጠችኝ።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፣ አንዱም "ይሄ ሰውዬ ዳዊት ነው የሚደግመው?" አለ። እሷ "ይጠብቁ፣ እያነበቡ ነው" አለቻቸው። ሳነብ ሰው የጠበቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከላይ "ለውሃ ታሪፍ ጥናት የሚሞላ ቅጽ" ይላል። ወረድ ብሎ "ከቆጣሪው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ብዛት፦ አንድ"። ከታች ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ። የእኔ ጣት ነው።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ግቢያችን መጥቶ ነበር። የኪራይ ግብር ሊያስከፍለኝ የመጣ መሰለኝ። "ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል?" ሲለኝ "እኔ ብቻ" አልኩ። ጠማቂዋን አይቶ "እሷስ?" አለ። "እንግዳ ናት" አልኩ። እሷም ቀበል አድርጋ፣ "ለለቅሶ ነው የመጣሁት" አለችው። ሰውዬው ሲወጣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያኔ ርዕሱን ማንበብ ብችል ኖሮ እንዲህ አልዋሽም ነበር።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንደ እርስዎ ያለ ግቢ ብዙ ይመስለኛል። የጋራ ቆጣሪ በቤት ብዛት ተካፍሎ ይታሰብ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አለቆቼ ግን መዝገቡ ላይ የጋራ ቆጣሪ የለም ይሉኛል። ቅዳሜ በታሪፉ ላይ የሕዝብ ስብሰባ አለ። ይናገሩልኛል?"

"ምን ብዬ? ዋሸሁ ብዬ?"

"አዎ፣ ዋሸሁ ብለው።"

"አንቺ እብድ ነሽ" ብያት ወጣሁ።

ወደ ቤት ስወጣ ጠማቂዋን ዳገቱ መሀል አገኘኋት። ጄሪካኑን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታለከልካለች። ልሸከምልሽ አልኳት።

"ተወው" አለች ሳታየኝ። "ትከሻህ ላይም ቆጣሪ ሳይኖር አይቀርም።"

ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፣ ብዙም ተሳድቤያለሁ። እንደዚያ የገባብኝ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ተከራዮቼም ሊያጣሩ መጥተዋል። ኃላፊው በማይክራፎን ስለ እርከን ለረጅም ጊዜ ተናገረ። "አስተያየት ያለው?" አለ። ከመግባቴ በፊት ከደጁ እርጥብ ሳር ነቅዬ ነበር። እሱን በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁ።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ይባላል። ከተሸሸገ ቤት ያፈርሳል፤ በሰው ፊት ከተነገረ ግን ይቀላል። ሳር ይዞ ለሚናዘዝ ሰው አይሳቅበትም፣ አይጮኽበትም። ቤቱ ጸጥ አለ።

"ስድስት ቤት ነን፣ አንድ ቤት ነኝ ብዬ ዋሸሁ" አልኩ። "የገዛ ጣቴ ፈርሞብኛል። ጎረቤቶቼ የከፈሉት የእኔን ውሸት ነው።"

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ። "እኔም ሦስት ቤት ደብቄያለሁ።" ከመሀል አንዷ፣ "እኔ አራት" አለች። ከዚያ ከየአቅጣጫው መነሳት ሆነ። ኃላፊው ረብሻ የተነሳ መስሎት በሩን ማየት ጀመረ። የታሪፏ ሴት ግን ደብተሯን ገልጣ እየተጣደፈች ትጽፋለች። በመጨረሻ ከኋላ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"እኔም ለለቅሶ ነው የመጣሁት ብያለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሬሳው አልተነሳም።"

ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኑዛዜው አልቆ ስለነበር አልከፋኝም። ሽማግሌው እንደ ደንቡ መረቁን።

የታሪፉ ማሻሻያ ለመጽደቅ ወራት ፈጀ፤ በዚህ አገር የሚፈጥን ወሬ ብቻ ነው። ግን ጸደቀ፣ የጋራ ቆጣሪ ለቤቱ ብዛት ተካፍሎ ይታሰባል ተባለ። ዋጋው እንደ ድሮው ርካሽ አልሆነም፣ ሞተሩ መጠገን አለበትና። እሱ አሁንም ያናድደኛል፣ ግን እከፍላለሁ።

አዲሱን ቅጽ ልሞላ ስሄድ ሌላ ሠራተኛ እንደ ልማዱ የአሻራውን ቀለም ገፋልኝ። መልሼ ገፋሁለትና እስክሪብቶ ተቀበልኩ፣ ስሜን ጻፍኩ። ወጥቼ የታሪፏ ሴት ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። "አንቺ ልጅ፣" አልኳት፣ "ያን ቀን ቸኩለሽ አላነበብሽልኝም። እግዜር ይስጥልኝ።" ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። እዚህ የጻፍኩት ቀሪው ነው።

የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ ግቢ መሀል ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "የቤተሰብ ብዛት፦ ስድስት።"

ጠማቂዋ ከደጃፏ ሆና ሰማች። ገብታ ጄሪካኗን ይዛ መጣች፣ ቧንቧዬ ሥር ደቅና ከፈተችው።

"ለቅሶው አለቀ ማለት ነው?" አለች።

"አለቀ። ቅጂ።"