መጋረጃው የተዘጋበት ክፍለ ጊዜ

የኮሌጅ ጓደኞቿ «ደንባሪት» ይሏታል። በር ሲላተም ትዘላለች፣ ስልክ ሲጮህ ደረቷን ትይዛለች፣ ስሟ ከተጠራማ ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ ያለፈውን ሳምንት ሁሉ ታስታውሳለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት መምህርት ልትሆን የተነሳችው። ፍርሃቷ ብቻውን አይበቃም ይመስል፣ ባለፈው ዓመት የማስተማር ፈተናዋ ላይ ፕሮጀክተር ተጨመረበት። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት ማለት ይሄኔ ነው። ላፕቶፑን ከማሽኑ ጋር ማገናኘት አቅቷት፣ ግድግዳው ላይ ባዶ ሰማያዊ ብርሃን ፈጦባት፣ ቁልፍ ስትነካካ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ወደቀች።

የኮሌጁ ደንብ አጭር ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ እጩ መምህር ይሰናበታል። ማሽኑ ራሱ ከተበላሸ ግን ፈተናው እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ሌላ ቀን ይያዛል። ከመቶው ሃያ አምስቱ ነጥብ የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ነው። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሌላ መሄጃ እንደሌላትም ታውቃለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ዘንድሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀች። ማስተማር የምትለማመደው አምስተኛ ክፍል ነው፤ ቀን ቀን ልጆቹን በሰሌዳ ታስተምራለች። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፕሮጀክተሩን ከንብረት ክፍል ፈርማ ታወጣለች፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ታመጣዋለች፣ ለባዶ ወንበሮች ስለ ልብ አሠራር ታስተምራለች። ኬብሉን ዓይኗን ጨፍና መሰካት ቻለች። የቀረው የመስኮቱ ፀሐይ ነበር። ምስሉን አደብዝዞ ያጠፋዋል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጥቁር ጨርቅ በድርብ አድርገው መጋረጃ ሰፉላት።

«እማዬ፣ ፈራሁ» አለቻቸው ስፌቱ ሲያልቅ።

«አንቺ ያልፈራሽው ምን አለ? ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። ይኸው ደረሰኝ፤ ለመጋረጃ ሰፊነት አበቃሽኝ!» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «በይ ያዢ። ይሄ ፀሐይ ቀርቶ ሐሜትም አያሳልፍ።»

ማሽኑን ብትፈራውም ታምንበት ነበር። ይህን መካድ አይገባም። በጠመኔ የተሣለ ልብ እንደ ድንች ተኝቶ ይቀራል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን ይመታል፣ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ደሙ ሲገባና ሲወጣ ይታያል። አንድ ልጅ ይህን አይቶ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም ብላ ታስባለች። ለማንም ያልነገረችው ሌላ ምክንያትም ነበራት። ማሽኑ ሲበራ የስልሳ ልጆች ዓይን ከእሷ ላይ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ጨለማው ውስጥ ቆማ መንቀጥቀጥ ትችላለች፤ ማንም አያያትም።

የፈተናው ቀን ገምጋሚው መጡ። ጥቂት የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቅጻቸውን ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጨለማ እንደሚሆን ሲነገራቸው ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ ባትሪ አወጡ። እሷ መጋረጃውን ዘጋች። ማሽኑ በራ። ልቡ መምታት ጀመረ።

«ወይኔ!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

ሠራ! ድምፅዋ እንኳን ተስተካከለ። ስለ ልብ ክፍሎች ተናገረች፣ ጠየቀች፣ መለሱላት። ከዚያ በድንገት የብርሃን ስንጥቅ መጥቶ ምስሉን ለሁለት ከፈለው። ፊት ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ የመጋረጃውን ጠርዝ ገልጣ ይዛለች።

«ዝጊው!» አለቻት።

ልጅቷ አልዘጋችም።

«ዝጊው እኮ ነው የምልሽ!»

ልጆቹ ሳቁ። ጉድ ፈላ ብላ ሮጣ ሄደች፣ ትንንሾቹን ጣቶች ከጨርቁ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፣ መጋረጃውን ዘጋችና ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ሁለት ስላይድ አሳለፈች። ሦስተኛው ላይ የልጅቷ እጅ ትዝ አላት። ጣቶቹ ሲላቀቁ እምቢ ብለው ነበር።

ይህቺ ልጅ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። የክፍሉ ዋና መምህርት ገና በመጀመሪያው ቀን «የምትሰማው አፍ አይታ ነው፤ ፊትሽን እንዳትነሺያት» ብለዋት ነበር። እሷም እሺ ብላ ነበር። ግን ማሽኑን የተለማመደችው ለባዶ ወንበር ነው፤ ባዶ ወንበር አፍ አያይም።

ዞር አለች። ከግድግዳው በሚመጣው ብርሃን ልጅቷ ትታያለች። ምስሉን አታይም። ዓይኖቿ ጨለማው ውስጥ የመምህርቷን አፍ ይፈልጋሉ። ደንባሪት ሰዓቷን አየች፤ መጋረጃው ከተዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖታል።

ብትከፍተው ምስሉ ይጠፋል፣ ሃያ አምስቱ ነጥብ ይሄዳል፣ ምናልባት ኮሌጁም ይሄዳል። ብትተወው ደግሞ ልጅቷ እዚያው ጨለማ ውስጥ ናት። ሄዳ መጋረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፈተችው። ልቡ ግድግዳው ላይ ነጥቶ ጠፋ።

«ኧረ ቲቸር!» ብለው ጮኹ።

ከኋላ እስክሪብቶ ሲጽፍ ተሰማት። ማሽኑን ዘግታ መስኮቱ ፊት ቆመች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ጭብጧን እየጨበጠችና እየፈታች ልብ አደረገችው። ልጆቹ አንገታቸው ላይ ጣት አድርገው ምታቸውን ቆጠሩ። የሚንቀጠቀጠውን እጇን ስልሳውም አዩት።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ገምጋሚው ቀረቡ።

«ማሽኑ ምን ሆነ?»

ኬብሉን መጠቅለል ጀመረች።

«ኬብሉ ነው? ከሆነ ንገሪኝ፤ ብልሽት ብዬ እሞላለሁ፣ ሌላ ቀን ትፈተኛለሽ» አሉ በርኅራኄ።

«አዎ» የምትለው ቃል ጥርሷ ሥር ደርሳ ነበር።

«አይ፣ ጋሼ። ማሽኑ ደህና ነው። አንዲት ልጅ አለች፣ አፍ አይታ ነው የምትሰማው። እሷን ረስቼ መጋረጃ ዘጋሁባት። ለመክፈት ስትሞክር ደግሞ እጇን አላቀቅሁት።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥራ አንድ።»

ጻፉት። ረጅም ጊዜ ደመሩ።

«ለቴክኖሎጂው ዜሮ። ጠቅላላ ስልሳ ሁለት። ማለፊያው ስልሳ ነው፤ አልፈሻል» አሉና ወረቀቷን ሰጥተዋት ወጡ።

ልጅቷ እረፍት አልወጣችም ነበር። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነው። ደንባሪት ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ይቅርታ የኔ እህት። መጋረጃውን ስዘጋ ረሳሁሽ።»

ልጅቷ ንግግሯ እስኪያልቅ አፏን አየች። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፣ እንደሚያጽናና ትልቅ ሰው።

«ምንም አይደል ቲቸር፣ ለምጄዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ስትጽፊም እኮ ዞረሽ ነው የምታወሪው። ሌሎቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ እኔም እነቀንቃለሁ።»

ቦርሳዋን አንግታ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ደንባሪት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ አንገት ሲነቀነቅ እያየች ገብቷታል ብላ ነበር። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የራሷ ስልሳ ልጆች ይሰጧታል፤ ኋላ ተቀምጦ ስንት ደቂቃ ብሎ የሚጠይቃት ሰው አይኖርም። ወድቃ እንኳን እንዲህ ፈርታ አታውቅም።